ቅባት የነካው አውራ ጣት

ሰው በልቡ ይሞታል፣ በምላሱ ይታሰራል። እኔ ልጠፋ የነበረው በአውራ ጣቴ ነው። ያውም በቀኙ፤ ያውም ከሥሩ፣ ከመዳፍ ጋር በሚጋጠምባት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ስኖር መኖሯን እንኳ ልብ ብዬ በማላውቅ አንዲት ጠባብ ቦታ።

ቦንጋ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው በኢብራሂም የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ልብሱ የጠበበው ደንበኛ ደግሞ ሁለታችንንም ይሰድባል። እንዲህ ሆነን አሥራ ሁለት ዓመት ተግባብተን ኖረናል።

አውራ የተባለው በከንቱ አይደለም። እኛ ዘንድ ማር የሚቆርጡ ሰዎች፣ የንብ አውራ ከቀፎ ከወጣች ሌላው ንብ ቤቱን ጥሎ ይከተላታል ይላሉ። የእኔም አውራ ጣት ሲታመም የቀሩት አራቱ ሥራ ፈቱ። መጀመሪያ የቤቴን ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። ቀጥሎ የዕቃ ክዳን መክፈት። ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር፤ ሰው ቁልፍ ሳያዞር ይኖራል፣ የምታዞርለት ካገባ። መቀሱ ላይ ሲደርስ ግን ፈራሁ። ወፍራም የካፖርት ጨርቅ ስቆርጥ ከጣቴ ሥር አንድ ነገር ይወጋኝና እስከ ክርኔ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በመርፌ መወጋት የዕለት እንጀራዬ ነው፤ ይሄኛው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነበር የሚወጋው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ለባለቤቴ ለአስካለ መንገሬ ነው።

«ብርድ ነው» አለች፣ ጣቴን ሳታየው።

እኛ አገር ብርድ ያልሠራው ወንጀል የለም። አስካለ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነገረች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ማታ ላይ ቤቴ ውስጥ የፌጦ፣ የነጭ ሽንኩርትና የምክር ክምር ነበር። ይባስ ብሎ ከቢታ ገነት ለዘመድ ጥየቃ የመጡ አንድ ወጌሻ በሰፈሩ ተገኙ። ሽማግሌው ጣቴን አገላብጠው አዩና «ወጥቷል» አሉ።

«የት ሄዶ?» አልኳቸው።

«ከቦታው።»

ከዚያ በሁለት እጃቸው ጨበጡት፣ እግራቸውን ከበርጩማው ጋር አስደገፉና ጎተቱ። ጣቴ ቋ አለ። እኔ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ይሄን የሚያነብ ልጅ አይጠፋም።

በነጋታው እጄን በነጠላ ቁራጭ ጠምጥሜ ሥራ ገባሁ። ከዋጫ የመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ለሙሉ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ሰጥቶኝ ሄዶ ሊለካ የተመለሰ። ጥምጥሙን አየ። «ውይ ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ። ከሁሉም ጤና ይቀድማል» አለኝ። እንዲህ ብሎ አዝኖልኝ ጨርቁን ብብቱ ሥር አድርጎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወጣት ሰፊ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንዲሁ አዘኑልኝ። ርኅራኄ በዚህ ከቀጠለ ለፋሲካ የምሰፋው የራሴን ከፈን እንደሚሆን ገባኝ። ጥምጥሙን ፈታሁና ኪሴ ከተትኩት። ለጎረቤት ወጌሻው አድነውኛል አልኩ፣ አስካለን አስማልኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውራ ጣቴ ምስጢር ሆነ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ጃንጥላዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ ነው። ቦንጋ ሁልጊዜ ስለሚዘንብ ጃንጥላ የደፋ ሰው ማንም አይጠረጥርም። ወጣቱ ሐኪም ራጅ አስነስቶኝ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«ጋሼ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መሐላቸው ልስልስ ያለ ነገር አለ፤ የእርስዎ አልቋል።»

«ገበሩ ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበና «አዎ፣ ገበሩ» አለ።

«ታዲያ ገበርማ ይቀየራል።»

«ይሄ አይቀየርም። ግን ሊያዝ ይችላል።»

አያያዙን አስረዳኝ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀባ ቅባት። ሲብስ ብቻ የሚዋጥ ክኒን፣ ከምግብ በኋላ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ ጣቱን በቀስታ ከሌሎቹ ጣቶች ጫፍ ጋር እያገናኙ ማፍታታት፤ ሥሩን ደግፎ የሚይዝ ነገር ማሰር። ይሄ ሁሉ ካልረዳ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ አለኝ። እኔም መልካም ብዬ ልወጣ ስል፣

«ደግሞ መጨባበጥ ይቀንሱ» አለኝ።

«ማጨብጨብማ ትቻለሁ፤ ማንን ብዬ?»

«መጨባበጥ ነው ያልኩት። ሰላምታ።»

ለልጁ አዘንኩለት። የት እንዳደገ ጠየቅኩት፤ አዲስ አበባ አለኝ። እዚያ ሰው በሩጫ ነው የሚተዋወቀው። እኛ ከተማ ከቤቴ እስከ በረንዳዬ ስሄድ የምጨብጠው እጅ ብዛቱ የሠርገኛ ነው። መጨበጡስ ባልከፋ፤ አለመለቀቁ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እዚያ ላይ ወዳጆቼን እጨምራለሁ። ስለ ሚስትህ፣ ስለ ልጅህ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጠይቆ እስኪያበቃ እጅህ እሱ ዘንድ ነው። አጥብቆ ያልያዘ ደግሞ ቂም ያለው ይመስላል።

ጣቴን የሚደግፈውን ነገር ከኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ ራሴ ሰፋሁት። የሚያምር ነገር ወጣኝ፤ ግን ቤት ውስጥ ብቻ ነበር የማደርገው። ለመንገዱ ሌላ ዘዴ አገኘሁ። ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ጣቶቼን ሰብሰብ አድርጌ የእጄን አንጓ መስጠት ጀመርኩ። ሰውየው አንጓዬን ያዝ፣ ነቅነቅ፣ ለቀቅ ያደርጋል፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። ይሄን ዘዴ ያሰብኩ ቀን በራሴ ተደነቅኩ። ሁለት ሳምንት በሰላም ኖርኩበት።

አስካለ በበኩሏ የሐኪሙ ቅባት ቀዝቃዛ ነው ብላ አመነች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሐኪሙ ቅባት በላይ በለጋ ቅቤ ታሸኛለች። «ቅቤ ያላላላው አጥንት አላየሁም» ትላለች። ስንት አጥንት አይታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እጄን ይዛው ነበር።

ይሄኔ ሁዳዴ ገባ። ዓመቱ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ነበርና በረንዳው ላይ ጿሚ በጿሚ ሆንን። ኢብራሂም ሲጠማው ጨርቅ ያጥፋል፤ እኔ ሲርበኝ ደንበኛ እቆጣለሁ። ክኒኑ ከምግብ በኋላ ስለሆነ እኔ ዘንድ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ክኒን የለም። ጠዋቱን ሙሉ ያለኝ መከላከያ ቅባቱና አንጓዬ ብቻ ነበሩ።

ከእኛ በረንዳ ፊት ለፊት ኮረሪማ የሚሸጡ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት አሉ። ከቦንጋ የወጣ ወሬ ሁሉ በእሳቸው ሚዛን ተመዝኖ ነው የሚወጣው። በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ መንገዱን ተሻግረው መጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። አንጓዬን ሰጠኋቸው።

ያዙት። አልነቀነቁትም። ዓይናቸው ወደ መዳፌ ወረደ፤ መዳፌ ያብለጨልጫል።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

 ሙሉውን እውነት ከነገርኳቸው እስከ ምሳ ሰዓት ጨርቅ የሚባል ነገር እጄ ላይ አይቀርም። ስለዚህ ግማሹን ነገርኳቸው።

«ቅባት ነክቶኝ ነው።»

«ቅባት?»

«ቅባት።»

«በአራት ሰዓት?»

«ለእኔ ጠዋት ጠዋት ነው የሚሻለኝ» አልኩ።

እትዬ ብዙነሽ መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «አስካለ ታውቃለች?» አሉኝ።

«እሷ ናት እንጂ የምታዘጋጅልኝ።»

«በቀን አንዴ ነው?»

«ሦስቴ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አሉ።

እንግዳ ምኞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም «አሜን» አልኩ። ይግረማችሁና እዚያ ላይ አላበቃሁም። «እትዬ፣ አደራዎን፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ። ከተሰማ መኖሬም አይደል» አልኳቸው። እሳቸውም እኔ ምን አገባኝ ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሄዱ። እንደዚያ ቀን ፈጥነው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ስፌት መኪናዬ ነን የምናውቀው። የጣቴ ነገር ወጥቷል፣ ደንበኛው ሁሉ ጨርቁን ሊጠይቅ ይመጣል ብዬ በረንዳው ላይ እንደ ተከሳሽ እቀመጣለሁ። የሚገርመው ማንም ጨርቁን አልጠየቀም። ሰው ግን አስተያየቱ ተለወጠ። አፌን ያዩኛል። አንድ የሰንበቴ ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በርታ፤ ሥጋ ደካማ ነው» አለኝ። ሥጋው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው ልለው ነበር፤ ምስጢር መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውኩት።

አሁን ወደ ልጄ ነገር ልምጣ። ዳዊት ዋጫ መምህር ነው። ምሕረት የምትባል፣ አብራው የምታስተምር ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ጋሽ ወልደጻድቅ የሺሺንዳ ሰው ናቸው፤ ቡና አላቸው፣ ስም አላቸው። ሁዳዴ ከገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳ የሚጠራጠሩ ናቸው ይባላል። ከትንሣኤ በኋላ ሠርጉ እንዲሆን ብለን፣ ዳዊትን አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩትን ጋሽ በቀለን ሽማግሌ አድርገን ላክን። ልጁ አንድ ነው። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የተወለደልን የለም። ይሄ ነገር እንዲሳካለት ጸሎቴ ውስጥ ከጣቴ በፊት ነበር የማስቀድመው።

ጋሽ በቀለ ከሺሺንዳ ተመልሰው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እምቢ አሉ?» አልኳቸው።

«እምቢ አላሉም። ‹ዘር አልቆጥርም፣ ሀብት አልጠይቅም፤ ልጁንም አይቼዋለሁ፣ ጨዋ ነው› አሉ።»

«ታዲያ?»

«‹አባትየው ግን በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቅባት እየበላ ሰውን በአንጓው ሰላም ይላል አሉ› አሉኝ። ‹ሚስቱም እያወቀች› አሉኝ።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። እስካሁን ሕመሙ ነበር የሚጥለው፤ ያን ጊዜ ግን ሐፍረት ነው። አንጓ መስጠት የማን ምልክት እንደሆነ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አንጓውን የሚሰጥ እጁን ጭቃ ያገኘው ነው፣ ወይ ማዕድ ላይ ያለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ጭቃ በሌለበት በረንዳ፣ በጾም ሰዓት፣ የሚያብለጨልጭና ቅቤ ቅቤ የሚሸት እጅ ይዤ ለሳምንታት ለከተማው ሁሉ በላሁ በላሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ነው የሚሻለኝ ብያለሁ።

«እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ ጋሽ በቀለ፣ ዓይናቸውን ወደ ባርኔጣቸው አድርገው።

«ውሸት ነው» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጋሽ ወልደጻድቅ አባትየው ራሱ ይምጣና ልየው ማለታቸውን ብቻ ነገሩኝ። ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት ላይ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ያላሉት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ በሁለቱ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም።

በዚያው ቀን ዳዊት ደወለ። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣ። ትበላለህ እንዴ?»

«አልበላም።»

«እሺ» አለ።

ሰው ሳያምን የሚላት እሺ አለች፤ ከስድብ ትከፋለች። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ የሰው የፋሲካ ልብስ ተቆልሏል፤ ገና ያልተቆረጠ። ዳዊት ካወቀ ለእናቱ ይደውላል፣ እናቱ መሐላዋን ረስታ ለጎረቤት ትናገራለች፣ ጎረቤት እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ይደርሳል፤ በዓሉም ኑሮዬም መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሰፊ ይሄዳል። አፌን ዘጋሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ በእርጅናዬ ነው የገባኝ።

ረቡዕ ጠዋት አስካለ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ከለከልኳት። እጄን በሳሙና፣ ደግሜ በሎሚ፣ ደግሜ በሳሙና አጠብኩት። አንድ ውሳኔ ወስኛለሁ። ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን ሲዘረጉ አንጓዬን አልሰጥም። ሙሉ እጄን እሰጣለሁ። ጣቴ ቢገነጠልም እዚያው ይገንጠል፣ ድምፄ ግን አይወጣም።

ከጋሽ በቀለ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ኢብራሂምም የሺሺንዳ ገበያ ጉዳይ አለኝ ብሎ አብሮን መጣ፤ ጉዳዩ እኔ እንደሆንኩ ኋላ ነው የገባኝ። ከጎኔ አንዲት ሴትዮ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሰው የራሱ ጭንቀት ሲኖረው የሰው ኮባ አይታየውም። ዝናቡ መንገዱን አለስልሶታል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሾፌሩ ከበግ ሊሸሽ መሪውን ሲጠመዝዝ ኮባው ከሴትዮዋ ጭን ተነሣ። እኔ ጨዋ ነኝና ዘልዬ በቀኝ እጄ ያዝኩት።

ቅጠሉ ተከፈተ። አምስቱም ጣቶቼ እስከ ሥራቸው ውስጡ ገቡ። ለጋ ቅቤ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ቅቤያቸውን ከጣቶቼ እየፋቁ። ለፋሲካ የሚሸጥ ነው አሉኝ፣ ገና ቢሆንም ሰው አስቀድሞ ይገዛል አሉኝ። አልሰማኋቸውም። እጄን በመስኮቱ አውጥቼ ዝናብ ላይ ዘረጋሁት። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚረጋ እንጂ እንደማይለቅ ማንም ያውቃል። ጋሽ በቀለ ወደ ሌላ በኩል ያያሉ። ኢብራሂም መሐረቡን ሰጠኝ፣ አበላሸሁትና መለስኩለት። ሺሺንዳ ስንወርድ እጄ ከየትኛውም የአስካለ ጠዋት በላይ ያብለጨልጭ ነበር።

ጋሽ ወልደጻድቅ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ረጅም ሰው ናቸው፤ ፊታቸው በጾም ከስቷል። ጋሽ በቀለን ጨበጡ። ኢብራሂምን ጨበጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ያን የቡና ግንድ የሚያካክል እጃቸውን ዘረጉ።  ከአጥሩ ባሻገር ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች እንኳ የቆሙ መሰለኝ።

አንጓዬን ብሰጥ በላሁ ማለቴ ነው። እጄን ብሰጥ ቅቤው አለ። እጄን ሰጠሁ።

ጨበጡኝ። በቅንነት ነው የጨበጡኝ፤ ሰውን ሊመረምር የተነሣ ሰው አጨባበጥ። አጥንትና አጥንት፣ ያለ ገበር፣ ተገናኙ። ድምፄ አይወጣም ብዬ ነበር፤ አልወጣም። ጉልበቴ ግን ቃል አልገባም ነበርና ተከዳሁ። በራቸው ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ በሁለት ጉልበቴ ተንበረከክኩ። እጄ አሁንም በእጃቸው ነው።

«ኧረ በእግዜር፣ ይነሡ» አሉኝ ደንግጠው። ሽምግልና ላይ የሚንበረከክ የተለመደ ነው፤ ያውም አባት ስለ ልጁ። ፊታቸው ሲለዝብ አየሁ። ለአንድ አፍታ ዳንኩ ብዬ አመንኩ። እጄን ለቀቁና እጃቸውን ተመለከቱ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ቅቤ ነው» አሉ በዝግታ።

መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«ለዚህ ነው የተንበረከኩት? ለንስሐ?» አሉኝ። «ንስሐማ ለቄስ ነው። እኔ ቤት ምን አመጣው?»

እዚያ ጭቃ ውስጥ ሆኜ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ያልተቆረጠው የፋሲካ ጨርቅ ነው። ሌላው የልጄ እሺ ነው። የልጄ እሺ በለጠብኝ።

«ጣቴን ያመኛል» አልኩ።

ከዚያ ቃሉ እንደ ተተረተረ ስፌት ሁሉም ተከታትሎ ወጣ። ወጌሻው፣ ራጁ፣ ያለቀው ገበር፣ የሐኪሙ ቅባት፣ የአስካለ ቅቤ፣ የሚኒባሱ ኮባ፣ አንጓዬን የሰጠሁበት ምክንያት። ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ እኔ ብሆን አላምነውም ነበር።

ጋሽ ወልደጻድቅም ያመኑ አይመስሉም። ይሄኔ ኢብራሂም ወደ ፊት ወጣ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

«ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የጾማችሁን ሥርዓት ጠንቅቄ አላውቅም» አለ። «ይሄን ሰው ግን አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አውቀዋለሁ። ሲጾም ከሰባት ሰዓት በኋላ ሰው አያስጠጋም። ዘንድሮ ሦስት ደንበኛ አስኮርፎብኛል። በልቶ ነው እንዲህ የሚሆነው ካላችሁ፣ ይሄ ሰው ጾመኛ ሳይሆን ክፉ ነው ማለት ነው፤ ክፉ ደግሞ አይደለም።» ወደ እኔ ዞረ። «ጣቱንም አውቃለሁ። መቀሱን በግራው ሲለማመድ ስንት ቀን አይቼዋለሁ። ዝም ስላለ ዝም አልኩት።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የጣቱ ነው ብዬ ላሳብብ እችል ነበር፣ ግን አልነበረም።

ጋሽ ወልደጻድቅ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። እጄን ያዙ፤ አሁን በቀስታ ነው። በራሳቸው አውራ ጣት የጣቴን ሥር ዳበሱና ያችኑ ቦታ ነካ አደረጓት። ውሻቸው ከጓሮ እየጮኸ እስኪመጣ ድረስ ጮኽኩ።

«እውነቱን ነው» አሉ ለጋሽ በቀለ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይሄን ለመናገር ምን ይከብዳል? ሕመም ነውር ነው?» አሉኝ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኳቸው። «አውራ ጣቱ ለታመመ ሰፊ ማን ጨርቅ ይሰጣል?»

 አነሡኝ፣ ጭቃዬን በእጃቸው አራገፉልኝ፣ ወደ ቤት አስገቡን። ሦስታችንም ጿሚዎች ስለሆንን የሚቀርብልን ነገር አልነበረም፤ ተቀምጠን ተያየን። እሳቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ከሚስታቸው ጋር በካፊኖኖ ቋንቋ ሲነጋገሩ ይሰማናል፤ ሚስትየዋ አንዴ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ከዚያ ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። እኔ ጣቴን ያዝኩት።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሲወጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ፈታሁት፤ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ነው፣ ደህና ጨርቅ፣ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የእሳት ራት ያልነካው።

«ለሠርጉ የምለብሰው ነው» አሉኝ። «ለፋሲካ አይደለም፣ ለሠርጉ ነው። ቀስ ብለህ ስፋው። ሲያምህ ተወው፣ ሲተውህ ቀጥል።»

አንቱታው መቅረቱን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን አደረጉ። እኔ ልክ ልውሰድ ብዬ ብድግ አልኩ፣ ሜትር ግን አልያዝኩም ነበር፤ በመቀነታቸው ለካኋቸው። ትከሻቸውን እንዳልሳሳት ሁለቴ ለካሁት።

እስከ በሩ ሸኙን። ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ሞልቷል። ጋሽ በቀለን ጨበጡ፤ ኢብራሂምን ጨበጡ። ወደ እኔ ሲዞሩ ተሸማቅቄ ሙሉ እጄን ዘረጋሁ።

ጣቶቻቸውን ሰብሰብ አድርገው አንጓቸውን ሰጡኝ። እኔም የእኔን ሰጠኋቸው፤ አንጓ ለአንጓ ተነካካን።

ይሄኔ እንሰት የተሸከሙ አንዲት ጎረቤታቸው በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። የጋሽ ወልደጻድቅን አንጓ አዩ። ከእኔ የወረሰውን፣ እስካሁን የሚያብለጨልጨውን መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ አፋቸውን አዩ።

ጋሽ ወልደጻድቅ አንጓቸውን አልሳቡም።

«ቅባት ነው» አሏቸው።